ጅብ በሻንጣ ላይ፦ የሚና ጨዋታ ምሕጻረ ቃላት በአማርኛ አንደበትና ፊደል

1. መነሻ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አምቡሊ በሚገኘው ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ የሚወርድ ሻንጣ ሦስት የላቲን ፊደላት ያሉበት ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል። በእንግሊዝኛ የተማረ መንገደኛ ፊደላቱን «ጄ፣ አይ፣ ቢ» ብሎ ያነባቸዋል። በፈረንሳይኛ የተማረው «ዢ፣ ኢ፣ ቤ» ይላቸዋል። አማርኛ ተናጋሪው ግን እንደ አንድ ቃል ካነበባቸው አፉ ላይ የሚመጣለት «ጅብ» ነው። የተጻፈው አንድ፣ የሚያመለክተውም ቦታ አንድ ሆኖ ሳለ ንባቡ ሦስት ሆነ።

ይህ ትንሽ ገጠመኝ ስለ ምሕጻረ ቃል አንድ መሠረታዊ ነገር ያስታውሳል። ምሕጻረ ቃል ራሱን የቻለ ምልክት አይደለም፤ ከጀርባው የፊደላቱን ስም የሚያወጣ ቋንቋና ያን ቋንቋ ያስተማረ ትምህርት ቤት አለ። አንድ ማኅበረሰብ ምሕጻረ ቃልን ሲዋስ ያንንም ትምህርት ቤት አብሮ ይዋሳል።

አምቡሊ ጉዳዩን ለመመርመር የተመቸ ስፍራ ነው። የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ በአብዛኛው ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራል፤ ከአየር ማረፊያው ጎን ባለው ካምፕ ሌሞኒዬ የአሜሪካ ጦር የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃላቱን ይዞ ሰፍሯል። አማርኛም እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ፣ ኋላም የወደቡ መንገድ፣ ተናጋሪዎቹን ሲያመላልሱ ኖረዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ትችት የሚያተኩረው በአንድ ጠባብ የቃላት መስክ ላይ ነው፦ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደው የሚና ጨዋታ ባለው የሙያ ቋንቋና ምሕጻረ ቃላት ላይ። መስኩ ቢጠብብም ጥያቄው ሰፊ ነው፤ አንድን ቋንቋ የሚጋሩ ሁለት ሰዎች በምሕጻረ ቃል ምክንያት ሊለያዩ ይችላሉን?

2. አንድ ጨዋታ፣ ሁለት መዝገበ ቃላት

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ወይም ተራርቀው በጽሑፍና በድምፅ እየተገናኙ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው አንድን ታሪክ በጋራ የሚፈጥሩበት ጨዋታ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ዓለሙን ይተርካል፣ ሕጉን ያስከብራል፣ የቀሩትን ሰዎችና አውሬዎች ሁሉ ወክሎ ይናገራል። አጠራጣሪ ድርጊት ሲመጣ ውጤቱን ዳይስ ይወስነዋል። ዘርፉን ያስጀመረው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው።

ጨዋታው ከመጀመሪያው ጀምሮ በምሕጻረ ቃላት የተሞላ ነው። በእንግሊዝኛ ተራኪው «ዲኤም» ወይም «ጂኤም» ይባላል፤ የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ «ፒሲ»፣ ተራኪው የሚወክለው «ኤንፒሲ»፣ የገጸ ባሕርዩ የጉዳት መቋቋሚያ «ኤችፒ»፣ ያካበተው ልምድ «ኤክስፒ» ነው። ፈረንሳይኛ ግን እነዚህን አልተዋሰም፤ የራሱን አወጣ። ተራኪው «ኤምዢ»፣ የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ «ፔዢ»፣ የተራኪው «ፔኤንዢ»፣ የሕይወት ነጥቡ «ፔቬ» ይባላል።

አዲስ አበባ በእንግሊዝኛ የተማረና ጅቡቲ በፈረንሳይኛ የተማረ፣ ሁለቱም ቤታቸው አማርኛ የሚናገሩ ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ስለ ጀግናው፣ ስለ ዋሻው፣ ስለ ሽፍታው በአማርኛ ይግባባሉ። ሕጉ ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ «ኤንፒሲ» ሲል ሌላው «ፔኤንዢ» ይላል፤ አንዱ «ኤችፒ» ሲቆጥር ሌላው «ፔቬ» ይቆጥራል።

ችግሩን የሚያከብደው የድምፅ ጉዳይም አለ። በላቲኑ ተራ አሥረኛው ፊደል በእንግሊዝኛ «ጄ»፣ በፈረንሳይኛ «ዢ» ነው፤ ሰባተኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ጂ»፣ በፈረንሳይኛ «ዤ» ነው። አናባቢዎቹ በሁለቱ ቋንቋዎች ቦታ ተለዋውጠዋል። አማርኛ በበኩሉ ጀ እና ዠን በብዙ ቃላት ያፈራርቃል፤ ጃንጥላም ዣንጥላም፣ ጃንሆይም ዣንሆይም ይባላል። ስለዚህ «ኤምዢ» የሚለው የፈረንሳይኛ ምሕጻር ለአማርኛ ጆሮ «ኤምጂ» ሆኖ ቢሰማ አያስገርምም። ሰሚው በእንግሊዝኛ የተማረ ከሆነ የሚያስበው ሌላ ፊደል ነው።

አንድ ምልክት ብቻ ከዚህ መከራ ያመለጠ ይመስላል። ባለ 20 ገጹ ዳይስ በሁለቱም ቋንቋዎች በአራተኛው የላቲን ፊደልና በቁጥሩ ይጻፋል። እንግሊዝኛ «ዲ» ብሎ ያነበዋል። በፈረንሳይኛ የፊደሉ ስም «ዴ» ነው፤ የዳይሱም ስም «ዴ» ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ፊደሉን ሲጠራ ዕቃውን ጠራ፤ ምሕጻሩ ለእርሱ ሙሉ ቃል ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው የቃሉ መነሻ ፊደል ነው። በግእዝ ፊደል «ዲ20» ተብሎ ሲጻፍ ግን ከሁለቱም አንዱን አይሆንም፤ የሌላ ቋንቋ ፊደል ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

3. አማርኛ እንዴት ያሳጥራል?

አማርኛ ማሳጠርን የሚጠላ ቋንቋ አይደለም። ቢያንስ አራት መንገዶች አሉት፤ አራቱም አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም።

የመጀመሪያው ለዓይን ብቻ የተሠራው ነው። ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ዓ.ም. ሲጻፉ አጭር፣ ሲነበቡ ሙሉ ናቸው። ማንም «ት ቤት» አይልም። እዚህ ማሳጠር ቀለምና ወረቀት ይቆጥባል እንጂ አዲስ ቃል አይወልድም።

ሁለተኛው የፊደል ምሕጻር ነው። ተመድ፣ ኢሕአፓ፣ መኢሶን፣ ኢዜማ የዚህ ወገን ናቸው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ «የ» የሚለው አገናዛቢ ይወድቃል፣ ከየቃሉ የመጀመሪያው ፊደል ከነአናባቢው ይወሰዳል። «የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት» ተመድ ይሆናል። የግእዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ የተገኘው ሁሉ ወዲያው ይነበባል። ኢዜማ ሕጉ ለአንደበት ሲል እንዴት እንደሚላላ ያሳያል፦ «የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ» ከሚለው «የ»ና «ለ» ወድቀዋል፤ የመጨረሻው ቃልም ፊደል ሳይሰጥ ቀርቷል።

ሦስተኛው እንደ ቃል የሚነበብ ውስት ነው። ኢጋድ፣ ኤድስ፣ ዩኔስኮ በዚህ ይመደባሉ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ጅቡቲ የሆነው ኢጋድ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም በአማርኛም አንድ ንባብ አለው። ይሁንና መንገዱ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለአማርኛ ኤድስ የሆነው በሽታ ለፈረንሳይኛ ሲዳ ነው።

አራተኛው በባዕድ ፊደል ስም የሚነበበው ነው፦ ኤችአይቪ፣ ኤቲኤም፣ ኤንጂኦ። የሚና ጨዋታ ቃላት በአብዛኛው የሚገቡት በዚህ በር ነው። ከአራቱ መንገዶች ለአማርኛ የማይመቸውም ይኸው ነው።

4. የሚያስረዝም ማሳጠር

ለምን እንደማይመች ቁጥር ያስረዳል። የእንግሊዝኛው «ኤንፒሲ» ሦስት የላቲን ፊደላት ነው፤ በግእዝ ፊደል አራት ይሆናል። «ኤችፒ» ከሁለት ወደ ሦስት፣ «ጂኤም» ከሁለት ወደ ሦስት፣ «ኤክስፒ» ከሁለት ወደ አራት ያድጋል። ዘርፉን በጠቅላላ የሚጠራው «ቲቲአርፒጂ» ከአምስት ወደ ስድስት ይደርሳል። የባዕዱ ፊደል ስም ራሱ ቃል ስለሆነ አማርኛ ምሕጻሩን ሲጽፍ የሚጽፈው የቃላት ድርድር ነው።

አሁን ተራ የአማርኛ ቃላት አጠገባቸው ይቀመጡ። ነፍስ ሦስት ፊደል ነው፤ ከ«ኤችፒ» ጋር እኩል። ልምድ ሦስት ነው፤ ከ«ኤክስፒ» ያንሳል። ዳኛ ሁለት ነው፤ ከ«ዲኤም»ም ከ«ኤምዢ»ም ያንሳል። እንግሊዝኛ ያሳጠረው ረጅም ስለሆነበት ነው። አማርኛ ግን አጭር ቃል እያለው የረጅሙን ምሕጻር ተውሶ ይበልጥ ያረዝመዋል።

የጎረቤት ቋንቋዎች ሁኔታ ይህን ያጎላዋል። ሶማልኛ ከ1972 እ.ኤ.አ. ወዲህ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አፋርኛም ዛሬ በላቲን ይጻፋል። የጅቡቲ ወጣት በሁለቱ ቋንቋዎች ሲጽፍ የእንግሊዝኛውን ወይም የፈረንሳይኛውን ምሕጻር እንዳለ ሊያስገባው ይችላል፤ ለንባቡ ባይስማማ እንኳ በጽሑፉ ይስማማል። ዐረብኛ በሌላው ጫፍ ነው፤ በልማዱ ምሕጻረ ቃልን ብዙም አይወድም፣ የተባበሩት መንግሥታትንም በሙሉ ስማቸው ይጠራል። አማርኛ ከሁለቱ መካከል ቆሟል። ላቲኑን እንዳለ ለመቀበል ፊደሉ አይፈቅድለትም፤ እንደ ዐረብኛ ሙሉ ቃል ለመጻፍ ደግሞ ተናጋሪው የፈለገ አይመስልም።

5. ንጉሡ አገባ

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉንም በተመድ መንገድ እንሥራው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ ለቋንቋው ክብር ከመቆርቆር የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ሲሞከር ይሰናከላል።

«የተጫዋች ገጸ ባሕርይ» እና «የአጫዋች ገጸ ባሕርይ» የሚሉት ስያሜዎች «ፒሲ»ን እና «ኤንፒሲ»ን በሚገባ ይተካሉ። በሕጉ መሠረት ሲያጥሩ ግን የመጀመሪያው «ተገባ»፣ ሁለተኛው «አገባ» ይሆናሉ። ሁለቱም የታወቁ የአማርኛ ግሶች ናቸው። በጨዋታው መካከል አንዱ «ንጉሡ አገባ ነው» ቢል ሌላው ስለ ሠርጉ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፊደል ምሕጻር ትልቁ ጥንካሬ ወዲያው መነበቡ ነው፤ ድካሙም ከዚያው ይመነጫል። አማርኛ ግሱን ከጥቂት ተነባቢዎችና ከፊትና ከኋላ ከሚጨመሩ ምዕላዶች ስለሚሠራ፣ በ«ተ» ወይም በ«አ» የሚጀምር ባለ ሦስት ፊደል ድርድር ግስ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ለድርጅት ስም ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ ድርጅት አንድ ነው፣ ስሙም በይፋ ይታወጃል። በጨዋታ መካከል በየደቂቃው ለሚነሣ፣ ለብዙ የሚረባና አገናዛቢ ለሚቀበል ቃል ግን ይጎዳል።

እዚህ ላይ ለባዕዱ ምሕጻር ፍትሕ መስጠት ይገባል። «ኤንፒሲዎቹ»፣ «ኤችፒዬ»፣ «ዲኤሙ» ያለ ችግር ይረባሉ፤ ከሌላ ቃልም ጋር አይምታቱም። አማርኛ ስምን በሚያረባበት ሥርዓት ውስጥ ምሕጻሮቹ ሰላማዊ እንግዶች ናቸው። ድካማቸው የሚታየው ወደ ግስ ሲኬድ ነው፤ «አርፒ አደረገ» ከማለት በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም፤ ሥር ስለሌላቸው አይወልዱም።

6. የሰንጠረዥ ምስክርነት

አማርኛ የገበታ ጨዋታን የሙያ ቋንቋ ሲቀበል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ቤት ለዘመናት ተጫውተውታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ትግራይን የጎበኙት እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ መጫወት ጽፈዋል። ፈረንሳዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ማርሴል ኮኸን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢትዮጵያን ጨዋታዎች መዝግበዋል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጥናት አቅርበዋል።

የቃላቱ አመጣጥ ለዛሬው ክርክር ቀጥተኛ ትምህርት አለው። የጨዋታው ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው። የዋናው ጠጠር ስም ግን አልተወረሰም፤ ዐረብኛው ከፋርስ ያገኘው «ሻህ» ተትቶ ንጉሥ ተባለ። ፊል ተቃራኒውን ሄደ። ቃሉ በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ አማርኛ ዝሆን የሚል ቃል እያለው ጠጠሩን ፊል ብሎ አስቀረው። ፈርዝና መደቅም በድምፅ ተስማምተው እንደ ውስት ቀሩ። ወረራ ሦስተኛውን መንገድ ያዘ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ጦራቸውን የሚያሰልፉበት የጨዋታው መክፈቻ ከጦር ሜዳ በተወሰደ የአማርኛ ቃል ተሰየመ።

መተርጎም፣ መዋስ፣ ማስፋት፦ ሦስቱም በአንድ ገበታ ላይ ጎን ለጎን ኖረዋል። ማንም አንዱን መርጦ ሌላውን አልከለከለም። ቃላቱን የሚያስተሳስራቸው አንድ ጠባይ ግን አለ፤ ሁሉም ቃል ናቸው። ፊል ለጀማሪው ባዕድ ቢሆንም የሚማረው አንድ ጊዜ ነው፤ ከተማረው በኋላ እንደማንኛውም ስም ይናገረዋል።  ስለዚህ «ባዕድ ነውና ይውጣ» የሚለው ክስ በሰንጠረዥ ፊት አይጸናም። የሚጸናው ሌላ ክስ ነው፤ የሚወሰደው ነገር የሌላ ቋንቋ ፊደል ስም እንጂ ቃል አለመሆኑ።

የሰንጠረዥ ዕጣ ማስጠንቀቂያም ይዟል። ዛሬ ዘመናዊው ጨዋታ ቼዝ ይባላል። ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ለብዙው አንባቢ የሚያመለክተው በጥናት ወረቀት ላይ ያለውን የቁጥር መደብ ነው። ቃሉ አልሞተም፤ ከተጫዋቹ እጅ ወጥቶ ከስታቲስቲክስ ባለሙያው እጅ ገባ። አብረውት የነበሩት ፊል፣ ፈርዝና መደቅ ግን ሌላ ቤት አላገኙም።

7. ተጫዋችና አጫዋች

አማርኛ ለሚና ጨዋታ ያለው ትልቁ ሀብት ምሕጻረ ቃል አይደለም፤ አንድ ግስ ነው። ተጫወተ ከሚለው ጨዋታ፣ ተጫዋች፣ አጫዋች፣ መጫወቻ፣ አጨዋወት ይወጣሉ። ተጫዋች በሚናው የሚሳተፈው ነው። አጫዋች ሌሎች እንዲጫወቱ የሚያደርገው ነው። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ በሁለት ቃላትና በምሕጻር የገለጹትን ልዩነት አማርኛ «ተ»ን በ«አ» በመለወጥ ይፈጽመዋል።

ከዚህም በላይ ጨዋታ በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ መወዳደሪያም ወግም። ሰው እግር ኳስ ይጫወታል፤ ከጎረቤቱም ጋር ቡና እየጠጣ ይጫወታል። የሚና ጨዋታ ደግሞ በትክክል የሁለቱ ድምር ነው፤ ሕግና ዳይስ ያለው ወግ። እንግሊዝኛ ይህን ለመግለጽ ረጅም ስያሜ አቁሞ መልሶ ማሳጠር ግድ ሆኖበታል።

አጫዋች እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ቃሉ ሕፃን ለሚያጫውትም፣ በቀልድ ሰውን ለሚያዝናናም ያገለግላል። ዳኛ ደግሞ የሕግ አስከባሪነቱን ያጎላና ተራኪነቱን ይደብቃል፤ ምንም እንኳ በ1974ቱ መጻሕፍት የተራኪው መጠሪያ ራሱ ዳኛ የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ቃል የነበረ ቢሆንም። የሁለቱ መወዳደር ግን ጤናማ ነው፤ ሁለቱም ለማንም አማርኛ ተናጋሪ ያለ አስተርጓሚ የሚገቡ ናቸውና።

ሌላ ምሳሌ የሕግ ንባብን ይመለከታል። ተጫዋቾች ሕጉ እንደተጻፈ ይፈጸም ወይስ እንደታሰበ በሚል ዘወትር ይከራከራሉ፤ እንግሊዝኛ ለሁለቱ አቋሞች «ሮው» እና «አርኤአይ» የሚሉ ምሕጻሮች አሉት። አማርኛ እዚህ ላይ ሊዋስ አይገባውም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የዳበረው የትርጓሜ ባህል ንባብና ምሥጢርን ለይቶ ያውቃል። «እንደ ንባቡ» እና «እንደ ምሥጢሩ» ቢባል ክርክሩ ግልጽ ብቻ ሳይሆን ከረጅም የአተረጓጎም ልማድ ጋር የተገናኘ ይሆናል።

8. ስለ አጥሩ

ለምሕጻረ ቃላቱ የሚቀርበው ጠንካራው መከላከያ ስለ ርዝመት አይደለም። የጨዋታው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ናቸው፤ «ኤችፒ»ን የማያውቅ ተጫዋች መጽሐፉን አይከፍትም፣ ከሩቅ አገር ሰውም ጋር አይጫወትም። በተጨማሪም ምሕጻሩ የአባልነት ምልክት ነው፤ የሚያውቀው ከቤት ነው፣ የማያውቀው እንግዳ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ እውነት ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። ለማንበብ ማወቅና ለመናገር መገደድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ያነበበውን ለታማሚው በአማርኛ ይናገራል። ሁለተኛው ነጥብ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ዎልፍ ሌስላው በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችንና የዛር ባለቤቶችን ልዩ ቋንቋዎች መርምረዋል። የአዝማሪ ቋንቋ ሌላው እንዳይሰማው ታስቦ የተሠራ አጥር ነው፤ አጥርነቱን አይደብቅም። የሚና ጨዋታ ምሕጻር ግን ለማፋጠን ተሠርቶ ሳይታወቅ አጥር የሚሆን ነው። በአምቡሊ ይህ አጥር የሚያልፈው በተጫዋቾችና በውጭ ሰዎች መካከል አይደለም፤ ሁለቱም ተጫዋች በሆኑ፣ ሁለቱም አማርኛ በሚናገሩ ሰዎች መካከል ነው። የሚለያቸው የተማሩበት የቅኝ ገዢ ወይም የዕርዳታ ቋንቋ ነው።

ከዚህ ትችት የሚወጣው መመዘኛ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ነው። ቃሉ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ከተራው የአማርኛ ቃል ያጥራልን? በአዲስ አበባና በጅቡቲ አንድ ዓይነት ይነበባልን? ግስ፣ ባለቤትና መሣሪያ ሊወልድ ይችላልን? ኢጋድ ሁለተኛውን ያልፋል፤ ፊል የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያልፋል፤ ተጫወተ ሁሉንም ያልፋል። «ኤንፒሲ»ና «ፔኤንዢ» የኋለኞቹን ሁለቱን አያልፉም።

የስያሜ ሥራ በአገራችን ልማዱ ቃሉ ከሰፈረ በኋላ ኮሚቴ መሰብሰብ ነው። የሚና ጨዋታ ግን በአማርኛ ገና አልሰፈረም፤ ተጫዋቾቹ ጥቂት፣ ልማዱም ለጋ ነው። ድረ ገጽ የሚለው ስያሜ የጸናው ከሁለት ከሚታወቁ ቃላት ተሠርቶ በጊዜው ስለደረሰ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ የክልሉ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ይህን ትንሽ መስክ አሁኑኑ፣ ከተጫዋቾቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ሊያዩት ይገባል።